እጅ ያልነካው ውሃ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ብራየን ደወለልኝ። ብራየን አለቃዬ ነበር፤ በሰው ቤትና ቢሮ ያሉ የዓሣና የኮራል ገንዳዎችን እየዞረ የሚንከባከብ ድርጅት አለው። የስንብቴ ዕለት ያስጋገረው ኬክ እንደ ጨው ድንጋይ የደረቀ ነበር። ግን ክፉ ሰው አይደለም።

"የሮዝዌሉ ገንዳ ችግር አለበት" አለኝ። "አዲሱ ቴክኒሻን ፎቶ ላከልኝ። ያ ሁሉ ሐምራዊ ኮራል ቡናማ ሆኗል። መብራቱም ሰዓቱን አይጠብቅም። አንቺ ስትይዢው በከተማው እንደሱ ያለ አልነበረም። ሰው ልኬ ላስተካክለው ነው።"

"እንዳትነካው" አልኩት።

"ለምን?"

በእንግሊዝኛ ላስረዳው ሞከርኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሄጄ አቃተኝና "ቆይ፣ እደውልልሃለሁ" ብዬ ዘጋሁ። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን ልነግረው ያልቻልኩትን ነው።

አትላንታ ስመጣ ሥራ የጀመርኩት ኮንየርስ የምትባል አጠገቧ ያለች ከተማ ካለ መጋዘን ነው። ከሩቅ ባሕር በአውሮፕላን የመጡ ዓሦችና ኮራሎች በሳጥን በሳጥን ይገባሉ። እኛ ሳጥኑን ከፍተን በሕይወት ያለውን ከሞተው እንለያለን። ቤተ ክርስቲያን ሰው "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲለኝ "ፓኪንግ" ብዬ አልፋለሁ፤ "ሬሳ እለያለሁ" አይባል ነገር።

የመጋዘኑ ኃላፊ ክላረንስ ይባላል። የጆርጂያ ገጠር ተወላጅ፣ ጥቁር፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሻካራ ነገር መዳፌ ላይ አስቀምጦ "ሞቷል ወይስ አልሞተም?" አለኝ። እኔ ድንጋይ መስሎኛል። ድንጋይ ደግሞ እንዴት ይሞታል?

"አሽትቺው" አለ።

አሸተትኩት። የባሕር ዳር ሽታ አለው፣ ሌላ ምንም የለም። ቀጥሎ ያንኑ የሚመስል ሌላ ሰጠኝ። ያኛው ግን አፍንጫዬ ጋ ሳይደርስ ገማኝ፤ ከእጄ ሊወድቅ ትንሽ ነበር የቀረው። ኮራል እንስሳ መሆኑን የተማርኩት እንዲህ ነው። እኛ ድንጋይ የምንለው አጥንቱ ነው። ሥጋው ከላይ እንደ ስስ ቆዳ ይዘረጋል፣ በሥጋው ላይ ትናንሽ አፎች አሉት፣ አንድ ነገር ሲያስደነግጠው አፎቹን ሁሉ ሰብስቦ የሞተ ይመስላል። ዓይን ይታለላል። ሽታ ግን አይዋሽም።

ኋላ ክላረንስ ከመጋዘኑ ወጥቶ የቤት ለቤት ሥራ ሲጀምር እኔንም ይዞኝ ወጣ። ደንበኛ ቤት ስንገባ በቀጥታ ወደ ገንዳው አይሄድም። ተጣጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ ይቀመጥና ሁለት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ባለቤቱ እየጠበቀው ነው፣ እኔ እያፈርኩ ነው፣ እሱ ግን ተቀምጦ ያያል። "መጀመሪያ ቤቱን እዪ" ይለኝ ነበር። የኤሲው አየር በየት በኩል እንደሚነፍስ፣ መጋረጃውን ማን እንደሚከፍት፣ መስታወት በምን እንደሚወለወል ያያል። ከዚያ በኋላ እጁን ያለ ሳሙና ታጥቦ፣ አሽትቶ፣ ክዳኑን ያነሳል። አብዛኛውን ቀን አንድ ነገር ብቻ ነክቶ ይዘጋዋል።

"እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ" የምትለዋን ስንቴ እንደሰማሁ አላውቅም። ኮራል የሚያድገው ሙቀቱም፣ ጨዉም፣ መብራቱም ትናንት የነበረው ሆኖ ሲያገኘው ነው። ትንሽ የጎደለ ነገር ቢኖር ይችለዋል፤ የሚለዋወጥ ነገር ግን አይችልም። የሚከፋው ደግሞ፣ ዛሬ ያጠፋሽበትን ዛሬ አይነግርሽም። ከሳምንታት በኋላ፣ አንቺ ከረሳሽው በኋላ ነው የሚያሳይሽ። አንድ ቀን "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለውን ተርጉሜ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ አሰበና "ወዴት ነው የሚሄደው?" አለኝ።

አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ያየሁትን አልረሳም። ሐኪሙ ቀለሙ ቶሎ እንዲደምቅ ፈልጎ ሳይነግረን ብርቱ መብራት አስገጠመ። በቀጠሯችን ስንመጣ ገንዳው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኗል። ሥጋው እንደ መስታወት ጠርቶ አጥንቱ ወለል ብሎ ይታያል፤ ነገር ግን አልሞተም፣ አፎቹን ከፍቶ ያወዛውዛል። የሚመግቡትን በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ፣ አልጌ የሚባሉ ቡናማ ደቃቅ ተክሎች አውጥቶ ጥሎ እየተራበ ነው። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ከፊቱ ቆመው "እንዴት ያምራል፣ በረዶ ይመስላል" እያሉ ፎቶ ይነሳሉ። ክላረንስ እጁን ከኪሱ አላወጣም። "ዘገየን" ብሎ ወጣ።

ክላረንስ ጉልበቱ ሲያስቸግረው ሥራውን ተወ። ደብዳቤ የለ፣ ሽልማት የለ፣ ተጣጣፊ ወንበሩን መኪናዬ ውስጥ አስቀምጦልኝ ሄደ። እኔም ብራየን ዘንድ ተቀጠርኩ፣ ዓመታትም ነጎዱ፣ ከዚያ የሮዝዌሉ ቤት መጣ።

ገና መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ አንድ የአርባ ዓመት ጎልማሳ እየሮጠ መጣና መስኮቴን አንኳኳ። ሳምሶን ይባላል።

"እትዬ ወይንሸት፣ ከመግባትሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። የኮራሉ ታንክ የታላቅ ወንድሜ ነው፣ የናሆም። መርከብ ላይ ኤሌክትሪሻን ነበር።" ወደ ቤቱ መስኮት ዞር ብሎ አየ። "ፓስ አደረገ። ልቡ ነው አሉ፣ ድንገት። እኔ ሄጄ እዚያው ወደቡ ላይ ቀበርኩት። እማዬ አልሰማችም።"

"ለምን አልተነገራትም?"

"ኦፕን ሃርት ሰርጀሪ አድርጋ ወሯ ነው። ሾክ እንዳይደርስባት ብለውናል። ሪከቨር እስክታደርግ ነው። ታንኩን ናሆም በስልኩ ነበር የሚያዝዘው። ከባሕር ላይ ሆኖ መብራቱን ቼንጅ ያደርገዋል፣ እሷ 'ልጄ ሰላም አለኝ' ትላለች። አሁን ፓስወርዱ እኔ ጋ ነው፣ እኔ አደርገዋለሁ። አንቺ ኮራሉ እንዳይሞት ብቻ። ኮራሉ ደህና ከሆነ ናሆም ደህና ነው ብላ ነው የምታምነው። ፕሊስ።"

ሌላ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ያበደ ቤተሰብ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማለዳ ይመረጣል፣ ሐዘንተኛው ጉልበት እንዲኖረው ይታሰብለታል፤ እስከዚያ ድረስ ይደበቃል። እኔ ራሴ የወንድሜን ሞት የሰማሁት ካርቱም ሳለሁ ነው፣ አፈሩ ከደረቀ በኋላ። አብረውኝ በአንድ ሳህን የሚበሉት ሁሉ ያውቁ ነበር። በደግነት ነው የደበቁኝ። ግን በዚያ ወቅት ከነሱ ጋር የሳቅኩትን ሳቅ ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። ይህን እያወቅሁ፣ ለሳምሶን እሺ አልኩት።

ገንዳው ምድር ቤት ነው። መጋረጃው ተጋርዷል፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ከገንዳው ሰማያዊ ብርሃን በቀር መብራት የለም። የሳምሶን እናት እትዬ ዘውዴ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከፊቱ ተቀምጠዋል። ፊታቸውና እጃቸው ሰማያዊ ሆኗል።

"ልጄ ነው የላከሽ?" አሉኝ ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ጎሽ። እሱ መላክ ይወዳል። ልጅ ሆኖ ሬዲዮ ይፈታል፣ የግድግዳ ሰዓት ይፈታል፣ እጁ አያርፍም። ሳምሶን ደግሞ ካስቀመጡት አይነቃነቅም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው።"

ወንበሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። የናሆም እጅ እውነትም አያርፍም። ዛሬ አንድ ፓምፕ፣ ነገ ሌላ ጨው፣ ከነገ ወዲያ ሌላ መብራት ሲቀያይር የኖረበት ገንዳ ነው። ኮራሎቹ በሕይወት አሉ፣ ግን ደቃቆች ናቸው፣ ቀለማቸውም እንደ ቡና አተላ ነው። መብራትና ምግብ ሲለዋወጥበት ኮራል በሥጋው ውስጥ ያሉትን ቡናማ አልጌዎች ያበዛል፣ የራሱን ቀለም ይደብቃል።

ሥራዬን ጀመርኩ። የሚተነውን ውሃ ጠብታ በጠብታ የሚተካ ዕቃ ገጠምኩ። አጥንቱን የሚሠራበትን ማዕድን በየቀኑ በእኩል እንዲያገኝ አደረግሁ። ሳምሶንን ደግሞ መብራቱን ከሩቅ መለዋወጡን እንዲተው ነገርኩት። እምቢ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ትከሻው ወረደለት። "ስነካው እጄ ይንቀጠቀጣል" አለኝ። መብራቱን ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን ገመድ ነቅዬ ከመደርደሪያው ስር ጠቀለልኩት። ለእናቱ መርከቡ ከአጭር ቴክስት በቀር ኔትወርክ የማይሠራበት ባሕር ገባ አልናቸው።

መጀመሪያ የቅርንጫፎቹ ጫፍ ነጣ፤ ይህ ማደግ መጀመሩ ነው። ከዚያ ቡናማው ውስጥ አረንጓዴ ብቅ አለ። ከወራት በኋላ ሐምራዊው መጣ፣ ያውም እንደዚያ ያለ ሐምራዊ አይቼ አላውቅም፣ መብራቱ ሲደበዝዝ ከውስጥ የሚበራ ይመስላል። ኮራሉ ከተቀመጠበት አለት ወረደ፣ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ፣ ቴርሞሜትሩን ቀስ እያለ ሸፈነው። ቁጥሩ ሳይቀር ተዋጠ። በልቤ ኮራሁ። ክላረንስ ባየልኝ እያልኩ እመኝ ነበር።

ቤቱም ከገንዳው ጋር ረጋ። ሳምሶን የናሆምን ጃኬት ከበሩ ማንጠልጠያ ላይ አላነሳውም፣ ለምን እንዳነሳው ትጠይቃለች ብሎ። ከናሆም የመጣ ቴክስት እያለ ራሱ የጻፈውን ያነብላቸዋል፣ ሁልጊዜ ያው ነው፤ "ደህና ነኝ፣ አታስቢ፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ።" ሰው አፉ እንዳያመልጠው ተብሎ ጠያቂ ቀነሰ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ቀረ። ብራያርክሊፍ መንገድ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ስገባ ባለ ሱቋ ጠጋ ብላ "ሰሙ?" ትለኛለች። "አልሰሙም" እላለሁ። ሮዝዌል የት፣ ሱቁ የት፣ ሁለታችንም ግን በሹክሹክታ ነው የምናወራው። ያገሬ ሰው በሙሉ የሚያውቀውን አንዲት ሴት ብቻ አታውቅም።

ሐኪሞቹ ልባቸው ጠንክሯል ካሉ ቆይቷል። ሳምሶን ግን "ፋሲካ ይለፍ" አለ። ፋሲካ ሲያልፍ "ይሄ የፖለን ወቅት ይለፍ፣ የአበባው ብናኝ ትንፋሽ ያሳጥራታል" አለ። ከዚያም ምክንያት መስጠት ተወ። ልጁ መክሳቱ ያስታውቃል። ወንድሙን ቀብሮ የመጣ ሰው አንድ ቀን እንኳ "እግዜር ያጽናህ" የሚለው ፊት ለፊት አላገኘም።

እዚያ ምድር ቤት መግባት እየከበደኝ መጣ። ጥላዬ ገንዳው ላይ ሲያርፍ ኮራሉ አፎቹን ሁሉ ይሰበስባል፣ ልማዱ ነው። እትዬ ዘውዴ መስታወቱን በአፍንጫቸው ሊነኩት ጠጋ ሲሉ ግን አይሰበሰብም። በጣም ከመርጋታቸው የተነሳ እንደ ሕያው ነገር አይቆጥራቸውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስታወቱን ሳጸዳ "ወይንዬ" አሉኝ።

"አቤት፣ እትዬ።"

"ትናንት መብራቱ ብልጭ አለ። ልጄ ሰላም አለኝ።"

ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ ፊታቸውን አየሁት። ገንዳውን አይደለም የሚያዩት፣ በመስታወቱ ውስጥ እኔን ነው የሚያዩት።

"እሱ ይሆናላ" አልኩ። "ኔትወርክ አግኝቶ ነው።"

"ተመስገን" አሉና ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳቡት።

ስወጣ ጎንበስ ብዬ መደርደሪያው ስር አየሁ። ገመዱ እንደ ጠቀለልኩት ነው፣ አቧራ ለብሷል። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። የሞተ ሰው መብራት ያበራል ብዬ ፈራሁ እንጂ፣ ሌላው ሐሳብ አልመጣልኝም።

ብዙም ሳይቆይ ራሳቸው ደወሉልኝ፣ ደውለውልኝ አያውቁም። "ነገ በማለዳ ነይልኝ፣ ውሃው ሽታ አለው።"

ሳይነጋ ተነስቼ አራት መቶ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ሮዝዌል ደረስኩ። በራቸው ላይ ብዙ መኪና ቆሟል። በዚያ ሰዓት፣ ያን ያህል መኪና ሐበሻ ቤት ሲቆም አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ልባቸው ቆሟል፣ ወይም አንድ ሰው ነግሯቸዋል።

ሳምሶን በፒጃማ በሩ ላይ ቆሟል። "ማነው የጠራቸው? አንቺ ነሽ?"

"እኔ አይደለሁም። ውሃው ሸተተ ብለውኝ ነው የመጣሁት።"

ከኋላዬ የመጣችው ጎረቤት ወደ ክሊኒክ አድርሺኝ ተብላ ነው። ቄሱ ለጸሎት ነው የተጠሩት። የሱቋ ባለቤት በርበሬ አምጪ ተብላ ከነፌስታሉ ቆማለች። ሁላችንንም የጠሩን እትዬ ዘውዴ ናቸው። ከዚያ ምድር ቤቱን ደረጃ ተከታትለን ወረድን።

እትዬ ዘውዴ ቆመዋል። ጥቁር ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደ ሐዘንተኛ ታጥቀዋል። ውሃውን አሸተትኩት፣ ንጹሕ ነው። ሐምራዊው ብርሃን ከጀርባቸው ያበራል።

"ሳምሶን፣ ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ" አሉ። ተቀመጠ። እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ልጄ፣ አይዞህ። ወንድምህ ሞቷል።"

የቀበረው እሱ ነው። አፈሩን በእጁ የበተነው እሱ ነው። ግን ይህን ቃል እስከዚያ ጠዋት ድረስ ማንም አልነገረውም ነበር፣ እንደዚያ ሲጮህም ሰው ሰምቶት አያውቅም። እናቱ ጉልበት ላይ ተደፋ፣ ሴቶቹ እሪ አሉ፣ ቄሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም አለቀስኩ፣ ለናሆም ብቻ አይደለም፣ ካርቱም ላይ በጊዜው ላላለቀስኩለት ወንድሜም ጭምር።

ኋላ፣ ለቅሶው ረገብ ሲል አጠገባቸው ተቀመጥኩና "እትዬ፣ ማን ነገረዎት?" አልኳቸው።

"አንቺ ነሻ።"

"እኔ?"

"ኮራሉ ማማር ሲጀምር ደስ አለኝ። ሲያምር፣ ሲያምር፣ ሰጋሁ። አንድ ቀን እንኳ ሳይነካካ የሚያድር ልጅ አልወለድኩም። የናሆም እጅ ያለበት ውሃ እንዲህ አይረጋም። ያ ሐምራዊ ሲመጣ፣ ልጄ የለም አልኩ።" የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉ። "መብራቱም ብልጭ አላለም። ፊትሽን ለማየት ብዬ ነው ያልኩሽ።"

"ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ ለምን ዝም አሉ?"

"እናንተ ልቤን ፈራችሁ። እኔ ደግሞ የሳምሶንን ፈራሁ። ይጠንክር ብዬ ጠበቅሁት። ሲብስበት አየሁና፣ በቃ፣ እኔው ላርዳው አልኩ።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሥራዬን እዚያ ቤት ከሠራሁት በላይ አሳምሬ ሠርቼ አላውቅም፣ እዚያ ቤት እንደወደቅሁትም ወድቄ አላውቅም። እንድጠብቅ የተሰጠኝ ምስጢር ነበር። እኔ የጠበቅሁት ውሃውን ነው፣ ምስጢሩን ያወጣውም የጠበቅሁት ውሃ ነው። ክላረንስ ቤቱን ቀድመሽ እዪ ሲለኝ የኤሲውን አየር ብቻ አየሁ፤ የቤቱን ሰው አላየሁም።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ በቀጠሮዬ ሄድኩ። ጃኬቱ ከማንጠልጠያው ተነስቷል፣ መጋረጃው ተከፍቷል። እትዬ ዘውዴ ወንበሬን ስዘረጋ አዩኝና "ዛሬ አትቀመጪ" አሉ። "እጅሽን አስገቢና ነካክተሽ አበላሺልኝ።"

"እትዬ፣ ይህ ሁሉ ቀለም እኮ ይጠፋል።"

"ይጥፋ። በጣም ያማረ ነገር ፊት ተቀምጬ ልጄን መቅበር አልፈልግም።"

ዕድሜዬን ሙሉ ኪሴ ውስጥ የከተትኩትን እጅ አወጣሁ። አንዱን አለት ገፋሁት፣ ፓምፑን አዞርኩት፣ እየነካካሁ አለቀስኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ገመዱን አቧራውን አራግፌ መለስኩና ሳምሶንን ስልኩን እንዲያወጣ ነገርኩት። እጁ አልተንቀጠቀጠም። መብራቱን ከሰማያዊ ወደ ነጭ፣ ከነጭ ወደ ሰማያዊ ሲለዋውጠው እናቱ ሳቁ። ከሳምንታት በኋላ ሐምራዊው ደበዘዘ፣ ቡናማው ተመለሰ፣ ጫፎቹም ማደግ አቆሙ። እትዬ ዘውዴ መስታወቱን በመዳፋቸው ዳበሱና "አሁን እሱን መሰለ" አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ጡረታ ወጣሁ፣ ብራየንም ያን ቡናማ አይቶ ደወለ። እኔም መልሼ ደወልኩለት።

"ምንም አልተበላሸም" አልኩት። "አይሞትም። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።"

"ግን አንድ ሰው እየነካካው ነው እኮ። ማነው?"

"ናሆም ይባላል" አልኩት።